ያልለበሰ አይታይም

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናታችንን መስታወት ውስጥ ልታቆማት ነው። ከነእራፊዋ!»

ይህን ያለችው ሚጣ ናት። ጓሮ ቧንቧው ሥር ቆማ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ ከአጥሩ ማዶ ላለችው ባለሱቅ ነበር የምትነግራት። መስማት ያልነበረባት ታላቅ እህቷ ደግሞ ኩሽና መስኮት አጠገብ ዳቦ እየቆረጠች ቃል በቃል ሰማች። ሚጣ ሲሏት ልጅ እንዳትመስላችሁ። አርባን ከተሻገረች ሰንብታለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ለከተማው ሰው ሁሉ ሽሮፕና እንክብል የምታድል የተከበረች ሴት ናት። ግን የመጨረሻ ልጅ ሆኖ የተወለደ ሰው ፀጉሩ ቢሸብትም ሚጣ ከመባል አያመልጥም። ባለሱቋ «ኤዲያ! ሌላ ልብስ ጠፍቶ ነው?» ስትላት ሚጣ ባሰባት። «የዳኛ ካባና የሙሽራ ሐር ሲያደንቅ የዋለ ሰው እናቴ ፊት ቆሞ እራፊ ሊቆጥር ነው። በሕይወቷ ሳለች በዚያ ሙዚየም በፊት በር አንድ ቀን ገብታ አታውቅም» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ የባሰ ይሰማል፤ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ያኔ ነውና። «ቤት አግኝቻለሁ። ቅዳሜ እወጣለሁ።»

የታላቂቱ ቢላዋ ዳቦው መሀል ቆመ። ከተማው ይህቺን ታላቅ እህት «መርፌ» ነው የሚላት። አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ኮሌታዋ ላይ ክር የዞረበት መርፌ ሳትሰካ ከቤት ስለማትወጣ፣ አንድም ሲነኳት ስለምትወጋ። ዛሬ ግን የተወጋችው እሷ ነበረች። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ብቻ ቀርተዋል፤ እናታቸው ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። ሁለቱም አላገቡም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ሰውም ጠይቆ ጠይቆ ደክሞት ትቶታል። ሚጣ ከወጣች በዚህ ቤት የሚቀረው መርፌ፣ ቁምሳጥኑና መስኮቱ ሥር ያለው የእናታቸው ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳን ሁለቱም ተሯሩጠው ሌላ ወንበር ያቀርባሉ።

ሻይ ቀረበ፤ ዳቦው ተበላ። ሚጣ ብርጭቆዋን እያየች፣ መርፌ የሚጣን ጣቶች እያየች። በዚህ ዓመት በመሀላቸው ያለው ወሬ «ዘይት አልቋል»፣ «ውሃ መጥቷል»፣ «ከውስጥ ቀርቅሪ» ከሚሉት ብዙም አያልፍም ነበር። መርፌ መጀመሪያ ላይ ሐዘን ነው፣ ይለቃታል ብላ ጠበቀች። ኋላ ላይ ኩርፊያው ስም አገኘ። ከሁለት ወር በፊት መርፌ የእናታቸውን ሰማያዊ የሥራ ቀሚስ ከቁምሳጥን አውጥታ፣ ሳታማክር ለሙዚየም ሰጠች። ሚጣ ባዶውን መስቀያ አይታ ነው ያወቀችው። ያን ዕለት «እህ» ብቻ አለች። ያቺ «እህ» ግን እስከ ዛሬ ቤቱ ውስጥ አለች። መርፌ አሁን ልትናገር አፏን ከፈተች። አትሂጂብኝ ልትላት ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«የበር ቁልፍ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በዝምታ አንድ ናቸው። በአንድ በር ወጥተው፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች ሄዱ።

ሙዚየሙ የቀድሞ ፍርድ ቤት ነው። ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል፣ መስኮቶቹ ፀሐይ ልብስ እንዳትበላ ቀን ከሌት ተጋርደው ይኖራሉ፣ የመግቢያው ዋጋ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፤ እሱንም ቢሆን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ዝናብ ሲዘንብ ለተጠለለ ሰው ይምራል። ዘበኛውን ሻምበል ይሉታል። ውትድርና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ግን የመኮንኖቹን ልብስ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ አቋሙ እየቀና፣ ሰላምታው እየረዘመ ሄዶ ማዕረጉ በራሱ መጣለት። ከውስጥ ደግሞ የሹማምንት ካባ፣ የዳኞች ጥቁር ልብስ፣ የነጋዴ ሚስቶች ቬልቬት፣ ወገቧ በእጅ ሊጨበጥ የሚችል የአንዲት ሙሽራ ሐር በየመስታወቱ ቆሟል። መርፌ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እነዚህን ስትጠግን፣ ስታናፍስና ስታለብስ ኖራለች። የሀብታምም ብብት እንደሚያልብ ታውቃለች።

አዲሱን ክፍል ያሰበው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠርቶ አዳሪ የለበሰውን እናሳይ አለ፤ ደግ ሐሳብ ነበር። ችግሩ የሥራ ልብስ ለሙዚየም አለመድረሱ ነው። መጀመሪያ ይጣፋል፣ ከዚያ የወለል መወልወያ ይሆናል፣ ከዚያ ይጣላል። የከተማው ሰው «የዘወትር ልብስ አምጡ» ሲባል የሠርጉን ኮት ይዞ መጣ፤ አንዱማ አባቱ አንድ ቀን እንኳን ሳይረግጥበት የሞተውን አዲስ ጫማ በካርቶን አቀረበ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ሥራ አስኪያጁ ኮቶቹን ሊቀበል ሲል ነው መርፌ ቤቷ ያለውን ቀሚስ ያስታወሰችው። እናታቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወለል ስትወለውል የኖረችበት ነው። ጀርባው በፀሐይና በሳሙና ነጥቷል፣ ጉልበቱ ላይ በሁለት ዓይነት ሰማያዊ ተጥፏል፣ የቀኝ ክርኑም እንዲሁ። መርፌ እንዲህ ብላ አሰበች፦ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እናት አለበስኩ፤ የእኔዋም ከእነሱ መሀል ትቁም። ኩራት ነበር። ሚጣ ደግሞ እዚያው ቀሚስ ላይ ያየችው ሐፍረት ነው። አንድ ቀሚስ ለሁለት ሰው እንዲህ ይሆናል።

የመርፌ ሥራ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ጥጥ የሞላበት ጆንያ፣ የአቡጀዲ ጥቅል፣ ስፒል የተሰካበት ትራስ። በመሀል ቤት ደግሞ «ገላው» ይቆማል። የሙዚየም ሰዎች ገላ የሚሉት ራስ የሌለውን፣ በአንድ የብረት እግር የሚቆመውን የእንጨት ምስል ነው። የሥራው ሕግ ቀላል ነው፤ ልብስ ሰፊ በልክህ ይሰፋልሃል፣ እዚህ ግን ልብሱ አይነካም። የድሮ ልብስ አይጠብም፣ አይሰፋም። ገላው ነው በጥጥ እየተጠቀጠቀ፣ በአቡጀዲ እየተሸፈነ፣ የሞተው ባለቤት ልክ እስኪሆን የሚሠራው። ሁለተኛ ሕግ ደግሞ አለ፤ ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ ጥለውት ያለፉት ሕግ። ያልለበሰ አይታይም። ገላው ልብሱን ለብሶ እስኪጨርስ በሩ ይቆለፋል፤ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን፣ ሚኒስትር ቢሆን አይገባም። ሽማግሌው ይህን ያሉት ወደው አልነበረም። አንድ ጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ ተማሪዎች አንዱን ትልቅ ሹም ራስ የለሽ፣ ሱሪ የለሽ፣ ሆዱ ጥጥ ሆኖ አዩት። ከዚያ በኋላ ያ ካባ በክብር ቆሞ ሳለ እንኳን ከተማው ባየው ቁጥር ሲስቅ ከረመ። «ሰውን የሚያከብረው የመጨረሻው ቁልፍ ነው» ይሉ ነበር ሽማግሌው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ማለታቸው ነው። መርፌ ይህንን በደሟ ይዛዋለች። ዛሬም ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ እጇን ታጠበች፣ ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ ገላውን እንደ ማንኛውም ሴት ሠራችው። ቀሚሱን ስታጠልቅለት ግን እምቢ አለ፤ አንገቱ ጋ ተጨማደደ፣ ጎኑ ተሳበ። አወለቀችው። እንደገና ጠቀጠቀች፤ እንደገና እምቢ አለ። ተናዳ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቀሚሱን ስታየው ነገሩ ገባት። ትከሻው ልክ አይደለም። እናታቸው ባልዲ የምትይዘው ሁልጊዜ በቀኝ እጇ ነበርና ቀኝ ትከሻዋ ወርዶ ቀርቶ ነበር። በር ላይ ስትቆም እንኳን ባዶ እጇን ባልዲ የያዘች ትመስል ነበር። መርፌ ከቀኙ ጥጥ አወጣች። ከዚያ እጇ በራሱ ሄደ። ሁለት ልጅ የወለደውን ሆድ ትንሽ አለሰለሰችው፣ ጀርባውን ትንሽ አጎበጠችው። ወገቡን ለመለካት ሜትር አላነሳችም፤ በልጅነቷ እንደምታደርገው ሁለት እጇን አዙራ አቀፈችው። ጣቶቿ ከኋላ ሲነካኩ ልክ እንደሆነ አወቀች። በዚያው እንደታቀፈች ጥቂት ቆየች። ናፍቃታለች፤ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላለችውን «ናፈቅሽኝ» ለጥጡ ነገረችው።

ቀሚሱ ያለ አንድ ስፒል ልክክ አለ። መርፌ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየች። እናቷ ቆማለች። ደስ ሊላት ሲገባ ወዲያው የመጣላት ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሚጣ ሻንጣ ይዛ ትወጣለች። እናቷን እዚህ ታቆማለች፣ እህቷን ከዚያ ታጣለች። እንዲህ ያለ ልውውጥ ማን አስማማት? በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ። ደንቡን ስለሚያውቅ እጀታውን አልነካም። «እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ምን ላይ ደረሱ?»

«ልጄ፣ ቀሚሱን ልመልሰው ብልስ?»

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። እህቴ አልወደደችውም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ እንግዶቹና ስለ ታተመው ግብዣ ያወራ ነበር። ወጣቱ ግን በሩ ላይ ሲያክክ ተሰማ፤ ሲጨንቀው የጠረጴዛም ሆነ የበር ቀለም በጥፍሩ ማከክ ልማዱ ነው። «የእናታችሁ ነው» አለ በመጨረሻ። «አይሆንም ካላችሁ አይሆንም። ለእንግዶቹ ኮቶቹን እናሳያቸዋለን። እ… ጫማውም አለ።» ሄደ፤ ወለሉ እየጮኸ ሸኘው።

መርፌ ቀሚሱን ማውለቅ ጀመረች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ክንዱን ከእጅጌው ስታወጣ የሚያማት ሰው ይመስል ቀስ አለች። ቆርጣ ነበር። ማታ ቀሚሱን ይዛ ገብታ መስቀያው ላይ ትመልሰዋለች፣ ሚጣም ቁምሳጥኑን ስትከፍት ታየዋለች፣ ያለ ንግግርም ነገሩ ይበርዳል። ሞኝነት ነው፤ ግን ዓመት ሙሉ በምልክት ሲነጋገር የኖረ ሰው ሌላ መላ አይመጣለትም። ገላው ነጭ አቡጀዲውን ብቻ ሆኖ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ የሻምበል ድምፅ ተሰማ፤ «አይቻልም ወይዘሪት፣ ደንብ ነው፣ ደንብ!» እያለ ከኋላ ይከተላል። ፈጣን የሴት እርምጃ እስከ በሩ መጣ።

«እትዬ፣ ክፈቺ።»

ሚጣ ናት። በምሳ ሰዓቷ፣ ከነጋዋኗ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ይሰማል። መርፌ ቀሚሱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ራቁቱን የቆመውን ገላ አየችና እንደ ልማዷ፣ ሳታስብ መለሰች።

«ቆይ። ገና አላለበስኳትም።»

ከበሩ ማዶ የሻምበል «ደንብ» ተቋረጠ። ከዚያ የሚጣ ድምፅ መጣ፤ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ የተቀመጠች ይመስል።

«ያን ቀንም እንዲህ ነው ያልሽኝ።»

«የቱን ቀን?»

«የቱን ቀን ትላለች እንዴ! እማዬ የሞተች ቀን ነዋ። በሩን ቆለፍሽብኝ። ሳንኳኳ ‹ቆይ፣ ገና አላለበስኳትም› አልሽኝ። እሺ ብዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሱቋ እንኳን ውስጥ ነበረች፣ እትዬ። ባዳዋ እናቴን ታጥባለች፣ እኔ ልጇ ውጭ ተቀምጬ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። ስትከፍቺው ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እሷም ተሸፋፍና አልቃለች። እጇን እንኳን አልያዝኩም። ቆይ አልሽኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየቆየሁ ነው።»

መርፌ ያን ቀን ታስታውሳለች፤ ግን በሩን ስትቆልፍ አታስታውስም። ሰው ሲያስነጥስ አፉን ለመሸፈን አያስብም፤ እሷም እንዲሁ ነው። ባለሱቋ ቀድማ ውስጥ ተገኝታ ነበር፤ ሊያጥቧት ልብሷ ሊወልቅ ሲል ደግሞ እጇ በራሱ ሄዶ ቁልፉን አዞረው። እናቷን ያልለበሰች ሆና ማንም እንዳያያት፣ ለክብሯ። ‹ማንም› ውስጥ ሚጣ እንደምትቆጠር ለአፍታ እንኳን አልመጣላትም። ዓመት ሙሉ ስለ ቀሚስ ተኮራረፍን ስትል እህቷ ያለችው በር ላይ ኖሯል። የሽማግሌው ሕግ፣ የተማሪዎቹ ሳቅ፣ የመጨረሻው ቁልፍ ምናምን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነባት። ሄዳ በሩን ከፈተችው፤ ወለል አድርጋ።

ሚጣ ወለሉ ላይ ጋዋኗን ሰብስባ ተቀምጣ ነበር። ሻምበል ዓይኑን ሰብሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ገላው ራቁቱን ነዋ። ሚጣ ተነሥታ ገባች። የመጣችው ሰው ሁሉ ሳያያት በፊት አንድ ጊዜ ልያት ብላ፣ ከዚያም ልትጣላ ነበር። ራስ የለሹን፣ አቡጀዲ የለበሰውን ነገር ስታይ ግን ባለችበት ቀረች። ቀኝ ትከሻው ወርዷል። ቀስ ብላ ተጠግታ መዳፏን እዚያ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እሷ ናት» አለች። «እትዬ፣ እሷ እኮ ናት።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው የቆለፍኩት» አለች መርፌ። «እንደ ሥራ። ስለ አንቺ አላሰብኩም፤ አለማሰቤ ነው ጥፋቱ። ቀሚሱን ይዘሽው ሂጂ፤ ቤት ይመለስ። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ብቻ አትሂጂብኝ።»

ሚጣ ቅዳሜን ከየት እንደሰማች አልጠየቀችም። ቀሚሱን ከእህቷ እጅ ተቀበለች። ጉልበቱ ላይ ያለውን እራፊ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ሁለቱን ዓይነት ሰማያዊ። ከዚያ ወደ ገላው አነሣችው።

«እጅሽን ታጠቢ» አለች መርፌ። አፏ አመለጣት፤ ወዲያው በተናገረችው አፈረች።

ሚጣ ግን አልከፋትም። ሄዳ በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ለሕሙማን እንደምትታጠበው። ተመልሳ የግራውን ክንድ እጅጌ ውስጥ ስታስገባ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ መርፌ አየች። ከእሷ ጋር አልነበረም የምታወራው። መርፌ ያኔ ምን ማድረግ እንዳለባት ገባት። ድምፅ ሳታሰማ ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ሳበችው፣ ጀርባዋን ሰጥታው ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ የሚጣ ድምፅ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ምን እንደምትል አልሰማችም፤ እንዳትሰማም ትንሽ ፈቀቅ አለች። ሻምበል ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ብዙ ቆሙ።

እንግዶቹ ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ አዛውንቶችና መምህራን ከኋላ፣ ኮሪደሩን ሞሉት። ወጣቱ መርፌን በሩ ላይ ብቻዋን ሲያያት ግራ ገባው፤ እሷ ውጭ ከሆነች ውስጥ ማን አለ?

«ቆዩ» አለች መርፌ። «እህቴ እያለበሰቻት ነው።»

በዚያው ቅጽበት በሩ ገርበብ አለና የሚጣ ራስ ብቅ አለ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ መሀል ስፒል ይዛለች። ሕዝቡን ከምንም ሳትቆጥር «እትዬ፣ የአንገቷን ልቆልፈው ወይስ ልተወው?» አለች።

«ተዪው። ሙቀት መች ትወድ ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ብያለሁ። ነይ፣ ግቢ።»

«እንግዶቹ…» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንግዶቹማ ይጠብቁ» አለች ሚጣ። «እኔ ዓመት ጠብቄያለሁ።» እህቷን በእጅጌዋ ጎትታ አስገባችና በሩን በሰው ሁሉ ላይ ዘጋችው።

ውስጥ እናታቸው ለብሳ ቆማለች። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ተንበርክከው የቀሚሱን ጠርዝ ማስተካከል ያዙ።

«ቅዳሜ የእማዬን የልብስ ሳጥን እንከፍታለን» አለች ሚጣ፣ ዓይኗን ከጠርዙ ሳታነሣ። «አብረን። የሌሊት ልብሷን ግን ለማንም እንዳትሰጪ።»

«አልሰጥም።»

«ማዪልኛ!»

«እማዬ ትሙት አልሰ…» ብላ ጀመረችና መርፌ አፏን ያዘች። ሁለቱም ቀና ብለው እማዬን አዩ። ከዚያ ሳቁን ሚጣ ነች የጀመረችው፤ በአፍንጫዋ፣ እንደ ልጅነቷ። መርፌም ተከተለች። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት እንግዶች በተዘጋው በር ጀርባ ሁለት ሴቶች እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ ሰሙ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እነሱም ፈገግ አሉ።